ባትሪውን ወደ ኋላ ኮፈን ላዛውረው ነው፤ ገመዱ ግን አሳስቦኛል

የዲኤክስ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለችኝ መኪና ኮሮላ ዲኤክስ ናት። የአባቴ ነበረች። ባለፈው ክረምት የድሮውን 1.3 ሞተር አስወጥቼ 1.6 አስገባሁ። ሞተሩ ጥሩ ገብቷል። ችግሩ የአየር ማጣሪያው ቱቦ የሚያልፈው ልክ በባትሪው ቦታ ላይ ሆነ። ስለዚህ ባትሪው ተገፍቶ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ተቀምጧል። ትንሽ ነድቼ ጎኑን ስነካው እጅ አያስደርስም። ወደ ኋላ ኮፈን ላዛውረው ወስኛለሁ።

አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄጄ ነበር። በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ አለኝ። እቅዱ እንዲህ ነው። ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) ጀምሮ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በመኪናዋ ሆድ ስር ይወስዳል። መንገድ ላይ ከቤንዚን ቱቦው ጋር ያስረዋል። ኋላ ላይ ባትሪውን በከመነዳሪ ጠፍሮ ያስራል። ማሳውን (ከኔጌቲቩ ወደ ቦዲ የሚሄደውን ገመድ) የኋላ መብራቱ ቡሎን ላይ ይይዛል። ፊውዝስ ስለው «የሞተሪኖ ገመድ ፊውዝ የለውም፣ ፋብሪካውም አላደረገለትም» አለኝ።

ሰውዬው ልምድ እንዳለው ያስታውቃል። ግን ልቤ አልተቀበለውም። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለት ልጆቼ ናቸው። ያወቀ ይምከረኝ።

ቦሌ ሾፌር

አታካብደው ወንድሜ። የአጎቴ ልጅ ልክ እንደዚህ አሰርቶ ሦስት ዓመት ነዳ፣ ምንም አልሆነም። 12 ቮልት ነው እኮ፣ ሰው አይዝም። ዋናው ባትሪው እንዳይንቀሳቀስ ጥሩ አድርጎ ማሰር ነው።

ጋሽ ጋራዥ

ልጄ፣ ልብህ ያልተቀበለው እውነቱን ነው። አታሠራው።

12 ቮልት ሰው አይዝም የሚባለው ትክክል ነው። ብረት ግን ያቀልጣል። ቮልስዋገን ቢትል የነዳ ሁሉ ባትሪዋ የት እንደሆነ ያውቃል፤ ከኋላ ወንበር ስር፣ በቀኝ በኩል ናት። ፋብሪካው ባትሪው ላይ መሸፈኛ አድርጎላት ነበር። መሸፈኛው ከጊዜ ብዛት ይጠፋል። ወይ ባለቤቱ ቁመቱ ትንሽ የሚረዝም ባትሪ ይገዛል። ከዚያ አንድ ቀን ከባድ ሰው ኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ሁለት ራስ ይነካል። ስፕሪንጉ በሰከንዶች ይግላል። የወንበሩ ሙሌት ደግሞ ደረቅ ጭራሮ ማለት ነው።

ተለማማጅ ሳለሁ አንዷ እንዲህ ሆና ጋራዣችን በር ላይ ቆመች። ሰዎቹ በጊዜ ወጥተዋል። እኔ ወንበሩን ጎትቼ ላወጣ ስል ስፕሪንጉ መዳፌን አተመኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ኮንታክት (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ቀጥታ መነካካት) የሆነው አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ውስጥ ነው። አንተ የምታዘረጋው ገመድ አምስት ሜትር ነው፣ በልጆችህ እግር ስር የሚያልፍ። አምስቱም ሜትር ሁልጊዜ ኃይል አለው። ቁልፍ ብትነቅልም አለው። ቤት አቁመህ ብትተኛም አለው።

የቤንዚን ቱቦና የባትሪ ገመድ አንድ ላይ ማሰር የሚባል ነገርማ በኔ ጋራዥ ተማሪ ቢያደርገው በዚያ ቀን ወደ ቤቱ እሸኘዋለሁ።

ሸገር በቨርጂኒያ

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። እኔ እዚህ የማዝዳ ሚያታ የመጀመሪያዋን ሞዴል ነው የምነዳው። የሷ ባትሪ ከፋብሪካው ጀምሮ ከኋላ ነው። ቢኤምደብሊውም ብዙ ሞዴሎቹ ላይ ኋላ ያስቀምጣል። የጥንቷ ሚኒ በ1959 ስትወጣም ባትሪዋ ኋላ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ ራሱ ነውር የለውም። ግን ፋብሪካ ባትሪውን ወደ ኋላ ሲወስድ አብሮት የሚወስደው ነገር አለ። ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

አንደኛው ጋዝ ነው። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ፊት ሞተሩ ጋ ሲሆን ነፋስ ስለሚወስደው ማንም አያስበውም። የኋላ ኮፈን ግን የተዘጋ ሳጥን ነው። ከወንበሩ ጀርባ በኩል ደግሞ ከሰው ጋር ይገናኛል። የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ተበላሽቶ ከ15 ቮልት በላይ መስጠት ከጀመረ ባትሪው ይፈላል፣ ጋዙ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከኋላ ከመጣ ያ እየሆነ ነው ማለት ነው። መስኮት ከፍተህ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ጋዙ እስኪወጣ ማንም ክብሪት እንዳይጭር።

ለዚህ ነው የኔ ሚያታ ባትሪ ላይ ቀጭን ቱቦ ያለው። ከባትሪው ተነስቶ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ፕሪየስ ያላችሁም እዩት፣ የኋላዋ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ያው ቱቦ አላት። ባትሪ ስትገዛ ክዳኑ ጎን ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለው ፈልግ፣ ቱቦው እዚያ ላይ ይሰካል።

አቡዳቢ ነኝ

እዚህ አገር ሙቀቱ ባትሪ ይጨርሳል። ሁለት ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው። ስለዚህ ከሞተር ሙቀት ማራቅህ ትክክል ነው። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። «ሜንቴናንስ ፍሪ» ወይም «የታሸገ» የሚል ተጽፎበት ስታይ ጋዝ የለውም ብለው ይነግሩሃል። አለው። ውሃ አይጨመርበትም ማለት እንጂ ጋዝ አያወጣም ማለት አይደለም። ኤጂኤም የሚባለው፣ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ የተያዘው ባትሪም ቢሆን ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚተነፍስበት ቫልቭ አለው። በጣም ያነሰ ነው የሚያወጣው፣ ግን ቱቦው ለሱም ይደረግለት።

የኃይል መሐንዲስ

ወንድሜ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። የመኪና ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ገመድ ገመድ ነው። ስለዚህ በቁጥር ላስረዳህ።

የ1.6 ሞተር ሞተሪኖ ሲያዞር ወደ 160 አምፔር ይስባል እንበል። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ በአንድ ሜትር 1.1 ሚሊኦም (ሚሊኦም የኦም አንድ ሺኛ ነው) ገደማ መቋቋም አለው። አምስት ሜትር ሲሆን 5.5 ሚሊኦም። በ160 አምፔር ስታባዛው 0.88 ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል። ባትሪህ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ከ10.5 ቮልት በላይ ላይኖረው ይችላል። ከሱ ላይ አንድ ቮልት የሚጠጋ ከጠፋ ሞተሪኖው ይንቀራፈፋል፣ ኢንጀክሽኑም ኮምፒውተር አለውና ይቸገራል። በ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ያው ስሌት 0.28 ቮልት ብቻ ይሆናል። 35 ለትንሽ ሞተር ይሠራል፤ አንተ ግን 50 ውሰድ። የዋጋው ልዩነት አንዴ ነው የሚወጣው።

ስትገዛ ተጠንቀቅ። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ አለ። ወፍራም ነው፣ ያምራል፣ ይቀላል። ኃይል የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ በሲሶ ያህል ያንሳል። አንዷን ክር በቢላ ፋቅ አድርገህ እያት። ነጭ ከወጣ መልሰው። የብየዳ ማሽን ገመድ ብዙ ጊዜ ንጹሕ መዳብ ነው፣ እንደ ልብም ይታጠፋል።

አሁን ወደ ፊውዙ። «ፋብሪካው አላደረገም» ያለህ ሰው ፊት ላይ ስላለው ገመድ እውነቱን ነው። ያ ገመድ ግን አጭር ነው፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው። ባትሪውን ኋላ ያደረገው ቢኤምደብሊው ኢ46 ላይ ምን እንዳደረገ ተመልከት፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ትንሽ ባሩድ አለ። መኪናው ተጋጭቶ ኤርባጉ ሲተኮስ ያም ይተኮስና የሞተሪኖውን ገመድ ከባትሪው ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ገመዱን አላመነውም። እኛ ባሩድ የለንም፣ ፊውዝ አለን።

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው እንጂ ሞተሪኖውን አይደለም። ለዚህ ነው ባትሪው ራስጌ ላይ የሚደረገው። ፊት ለፊት ሞተሩ ጋ ብታደርገው መሐል ላይ ገመዱ ቢላጥ ምንም አይረዳህም። ብዙ ጊዜ ከ45 ሴንቲ ሜትር አይራቅ ይባላል። አንተ ከ20 አታሳልፈው።

ቦሌ ሾፌር

እህቴ፣ እሺ ገባኝ። ግን አንድ ጥያቄ። ሞተሪኖ መጀመሪያ ሲነሳ የሚስበው ከ160 በጣም ይበልጣል አይደል? ፊውዙ ማታ መንገድ ላይ ቢበጠስበትስ? ባለቤትና ልጆች ይዞ ሱሉልታ መንገድ ላይ መቆምም አደጋ ነው።

የኃይል መሐንዲስ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ በመጀመሪያው ቅጽበት ብዙ መቶ አምፔር ይስባል። ግን ያ ከሰከንድ ክፍልፋይ አያልፍም። ሜጋ ፊውዝ የሚባለው፣ በሁለት ቡሎን የሚታሰረው ትልቁ፣ ዘግየት ብሎ ነው የሚበጠሰው። 250 አምፔር የሆነው ያን ቅጽበት ችሎ ያሳልፋል። እውነተኛ ኮንታክት ሲመጣ ግን ባትሪው ከ1000 አምፔር በላይ ይለቃል፤ ያኔ ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል። ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጠውን የመስታወት ፊውዝ አትጠቀሙ። አንድ ትርፍ ሜጋ ፊውዝና ቡሎኑን የሚፈታ ቁልፍ ዳሽቦርድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ከመቀየርህ በፊት ለምን እንደተበጠሰ እይ። ዝም ብለህ አትቀይር።

ቦሌ ሾፌር

አሳምነሽኛል። ለአጎቴ ልጅም ዛሬ እደውልለታለሁ።

ቪትዝ 2005

እኔስ? ቪትዝ ላይ ትልቅ ሙዚቃ ላስገባ ነው። ባትሪውን ኋላ ላደርገው አስቤ ነበር።

ሸገር በቨርጂኒያ

ተወው። ያንተ ቦታ አልጠበበህም፣ ሙቀትም የለብህም። ለሙዚቃው ፊውዝ ያለው ራሱን የቻለ ገመድ ከፊተኛው ባትሪ ሳብ። ያለ ምክንያት ኤርባግና ኮምፒውተር ያለውን መኪና ዋና ገመድ አትንካ።

የዲኤክስ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ዓይነት እዚያ ኤሌክትሪሺያን ጋ አልመለስም። እኔና ወንድሜ ራሳችን ልንሠራው ነው፣ መበየዱን ብቻ ለሠራተኛ እንሰጣለን። ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ገመዱን በየት ላሳልፈው? ባትሪውንስ በምን ልያዘው? ሶማሌ ተራ ዞሬ የጎን ቀዳዳ ያለው ባትሪ በልኬ አላገኘሁም።

ጋሽ ጋራዥ

ገመዱ በሆድ ስር አይሂድ። ድንጋይ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ጭስ ማውጫው አለ። ውስጥ ለውስጥ፣ በበሩ ደፍ በኩል ከምንጣፉ ስር አሳልፈው። መጀመሪያ የቤንዚን ቱቦው በየትኛው ጎን እንደሚሄድ ተኝተህ እይ፤ ገመዱን በሌላኛው ጎን ውሰድ። የወንበር ሐዲድ ቡሎን አጠገብ አይለፍ፤ ወንበር ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ቀስ እያለ ይበላዋል። ሙሉውን ርዝመት ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚመስለውን የፕላስቲክ መከለያ አልብሰው። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ያዘው። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ አስገባ። የተበሳ ላሜራ ጠርዙ ምላጭ ነው። እንቅጥቅጡ ለስድስት ወር ካፋጨው ይደርስበታል።

ማሰሪያው ላይ አትቀልድ። 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 15 ኪሎ ይመዝናል። ግጭት ሲመጣ ክብደቱ ሃያ እጥፍ ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ 300 ኪሎ ማለት ነው፣ ወደ ልጆችህ ጀርባ የሚመጣ። ከመነዳሪ 300 ኪሎ አይዝም። የቀዳዳ አንግል ብረት በይድና ትሪ ሥራ። ከወለሉ ጋር በአራት ቡሎን እሰረው፤ ከስር በኩል ሰፋ ያለ ወፍራም ሮንዴላ (ከቡሎኑ ስር የሚገባ ክብ ብረት) ይግባለት፣ ካልሆነ ቡሎኑ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ከላይ ደግሞ ባትሪውን የሚይዝ የብረት ድልድይ። መብሳት ከመጀመርህ በፊት ስር ገብተህ የቤንዚን ታንከሩ የት እንዳለ እይ! ይህን ሳያይ በስቶ ቤንዚን የፈሰሰበት ሰው አውቃለሁ።

ቦታውን ከኋላ መከላከያው አርቀው። የኋላ ጎማው መከለያ አጠገብ፣ በጎን በኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ከኋላ የሚገጭህ ሰው መጀመሪያ ባትሪውን አያግኝ።

ቀዳዳ ያለው ባትሪ ካጣህ ሳጥን አሠራለት። የላሜራ ሳጥን ክዳን ያለው፣ ዙሪያው በጎማ የሚዘጋ። ሃይድሮጅን ወደ ላይ ስለሚወጣ የቱቦው መነሻ ከክዳኑ አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ በወለሉ ይውጣ። አፉ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። የክዳኑን ውስጥ ጎማ ለጥፍበት፣ ራሶቹን እንዳይነካ። ታችም ጎማ አንጥፍ፣ አሲድ ላሜራ ይበላል። ፊውዙን ከሳጥኑ ውጭ አድርገው፤ ሲበጠስ ብልጭ ይላልና ጋዙ ካለበት ጋር አብሮ አይቀመጥ።

ማሳውን የኋላ መብራት ቡሎን ላይ ማለት ቀልድ ነው። ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ያለው አጭር ገመድ፣ ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ በተፋቀ ቦታ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን። ሌላም አትርሳ፤ ድሮ ባትሪው ፊት ሳለ ማሳው ቀጥታ ሞተሩ ላይ ይመጣ ነበር። አሁን ከሞተሩ ወደ ቦዲ ሌላ ወፍራም ገመድ ያስፈልግሃል። እሱ ከሌለ ኃይሉ መመለሻ ሲያጣ በጋዝ ፔዳሉ (በነዳጅ መስጫው) ሽቦ ይመጣል። የጋዝ ሽቦ ቀልጦ ተጣብቆ መኪና አልታዘዝ ሲል አይቻለሁ።

የኃይል መሐንዲስ

ጋሼ ሁሉንም አሉት። ካፖኮርዳውን (የገመዱን ጫፍ ቡሎን ላይ የሚይዘውን ብረት) በመዶሻ አትቀጥቅጡት ብቻ። የሃይድሮሊክ መጫኛ ያለው ሱቅ ወስደህ አስጫነው፣ ሁለቱን ጫፍ በአንድ ጊዜ ይሠሩልሃል። በሊድ (በሚቀልጠው የሽቦ መበየጃ) ብቻ አትበይደው። ሊዱ ወደ ክሮቹ ዘልቆ ገመዱን ያደርቀዋል፣ በእንቅጥቅጥ ጠርዙ ላይ ይሰበራል።

ስትፈታ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስር ኔጌቲቩን መጨረሻ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ።

ሸገር በቨርጂኒያ

እዚህ የድራግ ውድድር (አጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ደንብ ባትሪ ወደ ኋላ ለወሰደ መኪና ሁሉ ከውጭ የሚደረስበት የኤሌክትሪክ መዝጊያ ግድ ይላል፣ ከመኪናው ኋላ። የሚገርመው ክፍሉ እሱ አይደለም። መዝጊያው ሲዘጋ ሞተሩም መጥፋት አለበት ይላል። ባትሪውን ብቻ ብትቆርጥ ዲናሞው ኃይል መስጠቱን ይቀጥላል፣ ሞተሩ አይጠፋም፣ ገመዱም ኃይል ይኖረዋል። ለከተማ መኪና ግዴታ አይደለም። ካደረግከው ግን በትክክል ይደረግ።

የዲኤክስ ልጅ

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። አልቋል።

50 ካሬ ሚሊ ሜትር የብየዳ ገመድ፣ ንጹሕ መዳብ፤ ሻጩ ፊት ፍቄ አየሁ። 250 አምፔር ሜጋ ፊውዝ፣ ከባትሪው ራስ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ። የላሜራ ሳጥን ከቱቦው ጋር። ትሪው በአራት ቡሎን። የገመዱ መንገድ በግራ በር ደፍ፣ የቤንዚን ቱቦው በቀኝ ስለሆነ።

መጀመሪያ ቀን ግን አልተነሳም። ሞተሪኖው እህህ ብሎ ቆመ። ወንድሜ ገመዱ ቀጥኖ ነው አለ። ቴስተር አመጣን። እሱ ቁልፍ ሲያዞር እኔ ለካሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ራስ የጠፋው 0.38 ቮልት ነው። እህቴ ካሰላሽው ላይ ፊውዙና መጋጠሚያዎቹ የወሰዱት ሲጨመር ማለት ነው፣ ደህና ነው። ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ለካሁ። 0.9 ቮልት! ችግሩ መመለሻው ላይ ነበር። ከሞተሩ ወደ ቦዲ ያሰርነውን ፈታነው። ከቡሎኑ ስር ሙሉ ቀለም አለ። ወንድሜ ኋላ ያለውን ፍቆ ፊተኛውን ሳይፍቅ አስሮታል። ፍቀን፣ መልሰን አስረን፣ ግሪስ ቀባነው። 0.15 ሆነ። በግማሽ ዙር ተነሳች።

ጋሽ ጋራዥ

ጎበዝ። መለካትህ ደስ አለኝ። ገመድ ቀጥኖ ነው ብለህ ሌላ ገመድ ብትገዛ ገንዘብህን ታባክን ነበር። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሁሉንም ቡሎን መልሰህ አጥብቅ፣ አዲስ ማሰሪያ ይላላል። የቱቦውንም አፍ እየው፣ ጭቃ ይደፍነዋል።

የዲኤክስ ልጅ

እሺ ጋሼ። ከፊት ኮፈኑ ውስጥ «ባትሪው ከኋላ ነው» ብዬ በነጭ ቀለም ጽፌበታለሁ። ሌላ መካኒክ ወይም የእሳት አደጋ ሰው ሲከፍተው እንዲያየው። የድሮው ባትሪ ቦታ ላይ አሁን የአየር ቱቦው ተመቻችቶ ተቀምጧል። ነገ ልጆቹን ይዤ ደብረ ብርሃን ደርሼ እመለሳለሁ፣ ስመጣ ፊውዙንና ገመዱን በእጄ ነክቼ ሙቀቱን አያለሁ።